ስንት ታክሲ ነው? የመጀመሪያ ሥራና የመጀመሪያ ቤት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ23 ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በ15,000 ብር ደመወዝ ሥራ አግኝቻለሁ። የምጀምረው በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሲሆን የሥራ ሰዓቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ 2፡00 እስከ 11፡30፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ 6፡30 ነው። ያስጨነቀኝ ሥራው ሳይሆን የት ልኑር የሚለው ነው።

ቤት ለማየት ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ሰንብቼ አራት ምርጫ አግኝቻለሁ። አንደኛው አየር ጤና ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ መግባት ነው። አክስቴ ደስተኛ ናት፤ ነገር ግን ሦስት ልጆች ስላሏት የምተኛው ሳሎን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያየሁት ሰርቪስ ክፍል ሲሆን እስከ ቢሮዬ በእግር ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ኪራዩ 8,000 ብር ነው፤ የቤቱ ባለቤት የሦስት ወር ቅድሚያ በጥሬ ገንዘብ እንድከፍል ጠይቀውኛል፤ ስለ ውል ሳነሣባቸው «እኛ ዘንድ በመተማመን ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር በደባልነት መኖር ነው። ሦስቱ አያት ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ18,000 ብር ተከራይተዋል፤ እኔ ስጨመር ለእያንዳንዳችን 4,500 ብር ይደርሰናል። አራተኛው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ስቱዲዮ ሲሆን ኪራዩ 6,000 ብር ነው። ደላላው «ሁለት ታክሲ ነው» ብሎኝ ሄጄ ሳየው ሦስት ሆነብኝ።

እናቴ «የሥጋ ዘመድ እያለሽ ሰው ቤት ብትከራዪ አገር ምን ይላል?» ትለኛለች። አባቴ ገንዘቡን ብቻ ያሰላል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሴ የምቆልፈውና ራሴ የምከፍተው በር እንዲኖረኝ እመኛለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ት. ነኝ፣ ከደብረ ታቦር


መልስ፦

እህታችን ት.፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ለእኔ ትልቁን ነገር የነገረኝ ስለ ደላላው የጻፍሽው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። ሰው ቤቱን ሲያስረዳ «አንድ ታክሲ ነው» ወይም «ሁለት ታክሲ ይያዛል» ይላል፤ ይህም አነጋገር ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ መለኪያ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቤት፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ከሚያሰልፍ ቤት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጊዜሽን የሚበላው መኪናው የሚሄድበት ሰዓት ሳይሆን ሰልፍ ላይ የምትቆሚበት ሰዓት ነውና። ደላላ ግን ታክሲ የሚቆጥረው ከሰፈሩ ዋና መንገድ ጀምሮ እንጂ ከቤትሽ ደጃፍ ጀምሮ አይደለም።

አስተያየቴን ከወዲሁ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አክስትሽ ዘንድ ቆዪ፤ ከዚያም፣ የምነግርሽን ነገሮች አይተሽ ከተስማሙሽ፣ አያት ከጓደኞችሽ ጋር ግቢ። የኡራኤሉን ክፍል እርሺው። የቱሉ ዲምቱውንም እንዲሁ።

መጀመሪያ ደመወዝሽን እንመልከት፤ አባትሽ ገንዘቡን ማስላታቸው ተገቢ ነውና። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከወር ገቢሽ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ፤ በ15,000 ብር ላይ የሚታሰበው ግብር 3,200 ብር ነው። የጡረታ መዋጮሽ 7 በመቶ ማለትም 1,050 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው እንግዲህ 10,750 ብር ይሆናል። አዲስ ተመራቂዎች ቤት ሲፈልጉ ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት ኪራዩን ከተነገራቸው ደመወዝ ጋር ማነጻጸራቸው ነው። 8,000 ብር ከ15,000 ላይ ሲነሣ የሚቻል ይመስላል፤ ከ10,750 ላይ ሲነሣ ግን 2,750 ብር ይቀራል፤ በዚህም ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ለቢሮ የሚሆን ጫማና አንድ ቀን ቢያምሽ የሐኪም ቤት ካርድ ሊሸፈን አይችልም። አያት 4,500 ከፍለሽ የሚቀርሽ 6,250 ብር ነው። የትራንስፖርት ወጪ ይጨመርበታል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የትራንስፖርቱን ወጪ እንዲህ አስይው። በወር 26 ቀን ትሠሪያለሽ፤ ደርሶ መልስ ሲቆጠር 52 ጉዞ ነው። በአንድ ታክሲ የምትደርሺ ከሆነ 52 ጊዜ ትከፍያለሽ፤ በሁለት ከሆነ 104 ጊዜ፤ በሦስት ከሆነ 156 ጊዜ። ለአንድ ታክሲ የሚከፈለው 10 ብር ቢሆን እንኳ በአንድና በሦስት ታክሲ መካከል ያለው ልዩነት በወር 1,040 ብር ነው። የቱሉ ዲምቱው ስቱዲዮ ከአያቱ ድርሻሽ በ1,500 ብር ብቻ የሚበልጥ ቢመስልም ልዩነቱ በመንገድ ላይ ይሰፋል፤ ደግሞም ኪራዩንም፣ መብራቱንም፣ ውሃውንም የምትከፍዪው ብቻሽን ነው። ስለ ሰዓቱም ላንሣ። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ ብታሳልፊ በ26 ቀን 78 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ወደ አሥር የሚጠጋ የሥራ ቀን ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ከዚህ የከፋው ደግሞ ድካሙ ጧት አለቃ ፊት መታየቱ ነው። አርፋጅ የሚል ስም በመጀመሪያው ወር ከወጣ በዓመቱም አይፋቅም።

ስለ ኡራኤሉ ክፍል ሳስብ የራሴን የመጀመሪያ ክፍል አስታወስኩ። እኔም ሥራ ስጀምር «በእግሬ እሄዳለሁ» በሚል ምኞት ከመሥሪያ ቤቴ አቅራቢያ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። ቆጣሪው የጋራ ነበር፤ የመብራቱ ሒሳብ በነፍስ ወከፍ ተሰልቶ ይከፈል ስለነበር በግቢው ውስጥ ማን ምን እንደሚሰካ የሁሉም ጉዳይ ነበር። እኔ ካልጋዬ ሥር የደበቅኋት አንዲት የውሃ ማፍያ ጀበና ነበረችኝ። ጧት ጧት ስሰካት የግቢው አምፖል ሁሉ ደብዘዝ ይላል፤ ወዲያው የቤቱ እመቤት ከበረንዳው ላይ ሆነው «ማነው የሰካው?» እያሉ ይጣራሉ። ነቅዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ለብ ያለ ሻይ ጠጥቼ እወጣ ነበር። ከምሽቱ 3፡00 በኋላ የግቢው በር ይቆለፋል፤ የወሩ መጨረሻ ደርሶ ሒሳብ ሲዘጋ አምሽቼ የመጣሁ ቀን በር ላይ ቆሜ ማንኳኳት ነበረብኝ። አንቺም የምትሠሪው በሒሳብ ክፍል ነው። የሒሳብ ሠራተኛ በወር መጨረሻና በሰኔ ማምሸቷ ስለማይቀር ማንኛውንም ግቢ ከመከራየትሽ በፊት በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ቆጣሪው ለብቻ ይሁን የጋራ፣ ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ ምድጃ መሰካት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። ራስሽ የምትቆልፊው በር መመኘትሽን በሚገባ እረዳለሁ፤ ሆኖም በሰርቪስ ቤት ቁልፉ ያንቺ ቢሆንም የግቢው በር የሌላ ሰው ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሦስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያና «በመተማመን ነው» የሚለው መልስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ጭማሪም ቢሆን የሚመለከተው አካል በሚያወጣው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው። በሦስት ወር ቅድሚያ 24,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ሰጥተሽ ምንም ወረቀት ሳይኖርሽ ብትገቢ፣ በአራተኛው ወር «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ወይም «ሁለት ሺህ ጨምሪ» ስትባዪ መብትሽን የምታስረጂበት ማስረጃ በእጅሽ የለም። የቤቱ ባለቤት ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ አከራዮች ይህን የሚያደርጉት ግብርን በመፍራት ወይም በለመዱት መንገድ ለመሄድ ነው። ነገር ግን አንዲት አዲስ ተቀጣሪ የቤተሰቧን ጥሪት አምጥታ በቃል ብቻ የምታስረክብበት ምክንያት የለም። ወደ ፊትም ማንኛውንም ቤት ስታዪ ከኪራዩ መጠን ቀጥሎ የምትጠይቂው ጥያቄ «ውሉን ወረዳ ሄደን እናስመዘግባለን?» የሚለው ይሁን፤ የባለቤቱ ፊት ሲለወጥ ካየሽ ብዙ ነገር ይነግርሻል።

እንግዲህ አክስትሽ ዘንድ ለምን እንድትቆዪ እንደመከርኩ ላስረዳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ ሆና አላገኘኋትም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብትሽ ይችላል፤ አንቺም ሥራው ካልተስማማሽ ልትሄጂ ትችያለሽ። በሳምንት ስድስት ቀን ስለምትሠሪ 60 የሥራ ቀን ማለት አሥር ሳምንት ያህል ነው፤ የእንቁጣጣሽና የመስቀል በዓላት ሲጨመሩበት ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ይሆናል። ሥራሽ ገና ሳይጸና የሁለት ዓመት የኪራይ ውል መፈረም አይገባሽም። ሌላም ያልታሰበ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ደመወዝሽ የሚደርስሽ በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የምትበዪውና የምትሳፈሪበት ገንዘብ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ከሆነ በዚያው ወር ላይ የቤት ኪራይ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃና ጀሪካን መደረብ ከባድ ነው። አክስትሽ ዘንድ በምትቆዪባቸው ሁለት ወር ተኩል ውስጥ እነዚህን አንድ በአንድ ልታሟዪ ትችያለሽ።

ከአየር ጤና ሃያ ሁለት ሁለት ታክሲ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወይ ሜክሲኮ ድረስ ሄደሽ እዚያ ትቀይሪያለሽ፣ ወይም እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ ደርሰሽ ከዚያ ባቡር ትይዣለሽ። አድካሚ ነው። ነገር ግን ማለቂያው የታወቀ ድካም ሰውን አይሰብርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለቂያውን ለአክስትሽ ንገሪያት፦ «አክስቴ፣ የሙከራ ጊዜዬ እስኪያልቅ፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አንቺው ጋ ነኝ፤ ከዚያ ከጓደኞቼ ጋር እገባለሁ» በያት። ቀኑ ሳይነገር የገባ እንግዳ ሲወጣ ቅሬታ ይተዋል፤ ቀኑ ተነግሮ ከሆነ ግን መውጣቱ እንደ ሽኝት ይቆጠራል። ገንዘብ ብትሰጫት ላትቀበልሽ ትችላለች፤ ምናልባትም ይከፋት ይሆናል። የደመወዝሽ ዕለት አምስት ሊትር ዘይት ወይም ጥቂት ኪሎ ጤፍ ይዘሽ ብትገቢ፣ የወሩን መብራት ብትከፍዪ፣ እሑድ ለልጆቹ ሒሳብ ብታስጠኚ ግን እምቢ አትልሽም። ሳሎን ውስጥ ስለምትተኚ ፍራሽሽን ጧት ቤተሰቡ ሳይነሣ አጣጥፈሽ አስቀምጪ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ በየቤቱ የማየው ቅሬታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሳሎን መሐል ከረፈደ ካልተነሣ ፍራሽ ነው።

አሁን ወደ አያት እንሂድ። የአያት ትልቁ ጥቅም ከቢሮሽ ጋር በአንድ መስመር ላይ መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አድርጎ ሃያ ሁለት ይደርሳል፤ ከዚያም በስታዲየምና በሜክሲኮ በኩል ጦር ኃይሎች ድረስ ይዘልቃል። ሳትቀይሪ ወጥተሽ ሳትቀይሪ ትመለሻለሽ ማለት ነው። ባቡሩ ግን ብቻውን የሚመኩበት አይደለም። ሲጀመር ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረትና በብልሽት ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ቆይተዋል፤ የሚሠሩትም በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ጢም ብለው ስለሚሞሉ አንዱን አሳልፈሽ ሁለተኛውን መጠበቅ ሊኖርብሽ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልግሻል፤ እሱም ከአያት መገናኛ ድረስ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ መሄድ ነው። ከመገናኛ ሃያ ሁለት ያለው መንገድ ቢዘጋ በእግር የሚሄዱት ነው። ለዚህም ነው አያትን ከቱሉ ዲምቱ ያስበለጥኩት፤ ከቱሉ ዲምቱ ስትመጪ ሦስቱም ታክሲ ካልተገኘ አትደርሺም፣ ከአያት ግን አንዱ ሲቀር ሌላው አለ።

ይህን ደግሞ በእኔ ቃል ብቻ አትመኚው፤ ራስሽ ሞክሪው። ቤት ለማየት የመጣሽበት ሳምንት በክረምት፣ ትምህርት ቤቶች ዝግ በሆኑበት ወቅት ነበር። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባን ያየ ሰው መንገዷን አየሁ ሊል አይችልም፤ መስከረም ሲጠባና ተማሪ ሲወጣ ያው መንገድ ሌላ ይሆናል። በክረምቱ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ታክሲ ከሰልፉ ላይ ድንገት ይጠፋል። አንቺ ሁለቱንም ለማየት ዕድል አለሽ። በመስከረም መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ማታ ጓደኞችሽ ዘንድ እደሪና ሰኞ ጧት 12፡30 ላይ ከእነሱ ቤት ተነሥተሽ ወደ ቢሮሽ ሂጂ። ዓርብ ማታ ደግሞ ከ11፡30 በኋላ ከሃያ ሁለት ወደ አያት ተመለሺ። ሰዓት ያዢ። ከተሳፋሪ መውረጃው እስከ ቤቱ በር ድረስ ያለውን መንገድ ከመሸ በኋላ በእግርሽ ሂጂበት፤ መብራት አለው ወይ፣ ሱቆቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው፣ ጓደኞችሽ ሲያመሹ በምን ይመጣሉ? ይህ ሁሉ በስልክ ተጠይቆ የሚታወቅ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ስታድሪ ዓይንሽን ክፈቺ። ስንተኛ ፎቅ ነው? አብዛኛው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ላይደርስ ስለሚችል ጀሪካን የሚሸከመው ማነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ፈረቃው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ፣ ሮቶ ይኑረው አይኑረው ጠይቂ። ከሁሉ በላይ ግን አራተኛ ሰው መሆንሽን አስቢበት። ሦስት ሰው በሁለት መኝታ ቤት ሲኖር አንዷ ብቻዋን ትተኛለች ማለት ነው፤ አንቺ ስትገቢ ያቺ ልጅ ክፍሏን ታካፍላለች። ኪራዩ ከ6,000 ወደ 4,500 መውረዱ ሁሉንም እኩል ሊያስደስት ይችላል፤ ክፍሏን የምታጣው ግን አንዷ ናት። ለብቻዋ አግኝተሽ «በእርግጥ ፈቅደሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። በዩኒቨርሲቲ ዶርም አብሮ መኖርና በኪራይ ቤት አብሮ መኖር አንድ አይደለም፤ ዶርም ውስጥ ምግቡም፣ ውሃውም፣ መብራቱም የሌላ ሰው ኃላፊነት ነበር። እዚህ ግን ጋዝ ሲያልቅ ማን ይገዛል፣ እንጀራ በጋራ ነው ወይስ በየግል፣ እንግዳ ማሳደር እንዴት ነው፣ አንዷ ወር ላይ ባይኖራት ማን ይሸፍናል የሚሉትን ሳትገቢ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ውሉ በማን ስም እንደሆነም አጣሪ። በአንዷ ስም ብቻ ከሆነና አከራዩ ስላንቺ የማያውቁ ከሆነ ነገ «ለሦስት ነው ያከራየሁት» ሊሉ ይችላሉ። ጓደኞችሽ ለአከራዩ እንዲያሳውቁና ቢቻል ስምሽ በውሉ ውስጥ እንዲገባ አድርጊ፤ ካልሆነም አራታችሁ መካከል የድርሻችሁንና የመልቀቂያ ማስታወቂያ ጊዜውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ተፈራረሙ። ድርሻሽን ለጓደኛሽ የምትሰጪው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ጓደኛሽን ስለማታምኚ አይደለም፣ የከፈልሽበት ቀን እንዲመዘገብ ነው እንጂ።

ጓደኞችሽ እስከ ጥቅምት ሊጠብቁሽ ካልቻሉና ሌላ ሰው ካስገቡ አትደንግጪ። ከአያት እስከ ጉርድ ሾላ ባለው መስመር ላይ ደባል የሚፈልጉ ሴት ሠራተኞች አታጪም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከገባሽ በኋላ ደግሞ የሥራ ባልደረቦችሽ ከደላላ የተሻለ መረጃ ይሰጡሻል።

ስለ እናትሽ ልጨርስ። «አገር ምን ይላል» የሚሉት ስለ አገር ተጨንቀው አይመስለኝም፤ ማታ ማን በር ይከፍትላታል ብለው ነው። የሙከራ ጊዜሽን አክስትሽ ዘንድ መጨረስሽ ራሱ ግማሹን ይመልስላቸዋል። የቀረውን ለመመለስ አያት ከገባሽ በኋላ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ሲመጡ ቤቱን አሳያቸው፤ ጓደኞችሽን አንድ ላይ አስቀምጠሽ ቡና አፍይላቸው። ልጆቹን በዓይናቸው ካዩ በኋላ የሚጠይቁሽ ስለ ውሃው ፈረቃ ብቻ ይሆናል።


ለዓምዱ አዘጋጅ፦

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ዱከም በሚገኝ ፋብሪካ ሥራ ጀምሬያለሁ። የምኖረው ሳሪስ ከወላጆቼ ጋር ነው፤ ፋብሪካው ጧት 12፡30 ላይ ከሳሪስ አቦ የሚያነሣ ሰርቪስ አለው። የሠፈር ጓደኞቼ ግን «ደመወዝ እየበላህ እናትህ ጉያ ትቀመጣለህ?» ይሉኛል። ዱከም ቤት ልከራይ ወይስ ልቆይ?

በ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ


መልስ፦

ወንድማችን በ.፣ ጓደኞችህ ኪራዩን የሚከፍሉልህ ካልሆነ በቀር ምክራቸውን በይደር አቆየው። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በራስህ ወጪ፣ ታክሲ እየቀያየርህ የምትመላለስ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ ውጣ እልህ ነበር። አንተ ግን ከቤትህ አጠገብ የሚያነሣህ ሰርቪስ አለህ፤ የምትጓዘውም ጧት ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲገባ አንተ ከከተማ እየወጣህ ነው።

የምታጣራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረቃ ሥራ ይኖርህ እንደሆነ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች አዲስ መሐንዲስን ለጥቂት ወራት በቀን ያሠሩና ከዚያ ወደ ማታ ፈረቃ ያዞሩታል። ሰርቪሱ ለማታውም ይሠራል ወይ ብለህ የሰው ሀብት ክፍሉን በግልጽ ጠይቅ። ይሠራል ካሉህ ቢያንስ አንድ ዓመት እቤትህ ቆይና ገንዘብ አጠራቅም። አይሠራም ካሉህ፣ ከምሽቱ 4፡00 ላይ ከዱከም ሳሪስ የሚያደርስህን መኪና በመንገድ ዳር ቆመህ መለመን የለብህምና፣ እዚያው ከሚሠሩ ባልደረቦችህ ጋር አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተህ የማታ ፈረቃ ባለህ ሳምንት እዚያ እያደርህ በቀረው ሳምንት ቤትህ ግባ።

እቤት እስካለህ ድረስ ግን እንደ ተማሪ አትኑር። ከደመወዝህ ላይ በየወሩ የተወሰነ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራቱንና የውሃውን ሒሳብ፣ ያንተ ድርሻ አድርገህ ያዝ፤ እናትህ ካንተ አፍ ሳይሆን ከደረሰኙ ላይ ይዩት።